እስከ ሠላሳ

ቀይ ሲበራ ማቆም፣ አረንጓዴ ሲበራ ማሳለፍ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት እንጀራ የበላሁት በዚህ ነው፣ በሸመንደፈር ደጃፍ።

ማክሰኞ ቀትር፣ ሐዲድ በሚያግል ፀሐይ፣
ከቴሌቪዥኑ ሥር ያቺ ነጭ ሳጥን ዓይኗ በራ፣ ቀይ።
ባቡር የለ የማቆመው፣ ሐዲድ የለ የምቀይረው፤
በነጠላ ጫማ ቆሜ ግድግዳውን ነው የማየው።

ቤቴ ከዚራ ነው፤ ፈረንጅ የገነባው፣ የግንቡ ውፍረት ክንድ ከስንዝር፤
ሙቀት እንዳይገባ ተብሎ፤ ማን ያኔ ስለ ዋይፋይ ያስብ ነበር!

ገመዱን ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። አንቴናውን ወደ ሳቢያን አዞርኩ፣
ወደ ደቻቱ መለስኩ። በመሐረቤ አቧራውን ጠረግኩ።
ነፃ መስመሩ ላይ ደወልኩ፤ አንዲት ሴት፣ ድምጿ የለሰለሰ፣
«ለአማርኛ አንድን ይጫኑ» አለች፤ ተጫንኩ፤ ሙዚቃ ፈሰሰ።
ሙዚቃው አምስት ጊዜ ዞረ።
እኛ መንገደኛ ስናስጠብቅ ቢያንስ አግዳሚ ወንበር ነበረ።

ምን አስቸኮለህ የሚለኝ ቢኖር፦
ማታ ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ፣ ባቡሩ ይገባበት በነበረው ሰዓት፣
ሐሰን ጌዲ ከአሊ ሳቢዬ ይደውላል፤ አሥር ደቂቃ ናት።
እሱ የዚያ ጫፍ ቴሌግራፈኛ፣ እኔ የዚህ ነበርን፤
ሳንተያይ ስድስት ዓመት በጣት ተነጋገርን።
አሁን በመልክ ነው፤ እኔ የጥርሱን ክፍተት እቆጥራለሁ፣ እሱ የፀጉሬን መሸሽ፤
«ኪኒንህን ዋጥክ?» ይለኛል። ዋጥኩ እላለሁ፤ ያውቃል እንደምዋሽ።

ሐሙስ ልጅ አስጠራሁ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ኢብሳ ይባላል፤
ለመምጣቱ ሦስት መቶ፣ ለመሥራቱ ሦስት መቶ ይላል፤
የባጃጁ ለብቻ።
ጆሮው ላይ ሰክቶት የመጣው መፍቻ
እስኪሄድ አልተነካም፤ ለጌጥ ይሆን፣ እንጃ።

«አባባ፣ አጥፍተው አብርተውታል?» «አዎ፣ ነቅዬ ሰካሁት።»
«ስንት ቆይተው?» «ወዲያው ነዋ!» ሳቀብኝ፤ ዝም አልኩት።
«እንዲያማ አይሆንም፤ የያዘውን ነገር እስኪረሳ
ተነቅሎ ይቆያል፤ ይቁጠሩ እስከ ሠላሳ።»

ነቀለው። «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ» ብሎ ጀመረ፤
አሥራ ሰባት ላይ ስልኩ ጮኸ፣ ወደ በረንዳ በረረ።
የቀረውን እኔ ጨረስኩ፣ በፈረንሳይኛ፣ እስከ ሠላሳ፣
ሼፍ ደ ጋሩ እንዳስተማረኝ፣ አንድም ቁጥር ሳልረሳ።
ስድስት መቶ ለሠላሳ፤ ላንዷ ቁጥር ሃያ ብር።
አሥራ ሦስቱ የኔ ናቸው፤ ሁለት መቶ ስልሳ ይቀነስ ልለው ነበር፤
አፈርኩ።

መብራቶቹ አንድ በአንድ ወደ አረንጓዴ ሲዞሩ፣
እጄ በራሷ ተነሳች፣ እለፍ እንደሚባል ለባቡሩ።
ልጁ ቻው ያልኩት መሰለው፤
ብሩን ቆጥሮ ሄደ።
ይህን እንኳ እስከ መጨረሻው ራሱ ቆጠረ።

አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ። አራቱም አረንጓዴ። ስልኩ ዝም።
አንድ ሰዓት ሆነ። ዝም።
ይሄኛው ጫፍ ተሠራ፤ ያኛውን ማን ሄዶ ያየዋል?
ኪኒኔን ዋጥኩ፣
ምናልባት ከጠየቀኝ ብዬ።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ጠራ። የሐሰን ፊት ተቆራርሶ፣
አገጩ ቀድሞ ገባ፣ ግንባሩ በኋላ ደርሶ።
«ሁለት ማታ የት ጠፋህ?» አልኩት።
«አንተ ነህ እንጂ የጠፋኸው! ደግሞ እዚህም ቀይ በራብኝ፤
አንድ ልጅ ባስመጣ ሁለት ሺህ ፍራንክ ወሰደብኝ።»

«ስንት ቆጠረ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፁ ገና መንገድ ላይ ነው።

«ስልሳ።»

«እንግዲያው ላንተ ረክሶልሃል።»

ሳቁ ቆይቶ መጣ። ጠበቅኩት።
ድሮም ከአሊ ሳቢዬ የሚመጣ ነገር ይዘገያል።