አንዲቱ ሰዓት

ጎሕ ሳይቀድ ተነሣች ከባታምባንግ ሳቮን፤
ሾፌሩ ጠየቃት፣ «እማማ፣ ይሄ ምንድን?»
«ዓሣ ነው፣ ለልጄ፤ ጨው የጠጣ ዓመቱን።»
ሽታው ከገንቦዋ ሰባት ፌስታል ጥሶ ወጥቶ
ሚኒባሱ በረረ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ።

ፖይፔት ላይ በእግር ነው፦ ድልድይ፣ ሰልፍ፣ ላብ፣
ጋሪ የሚገፉ ልጆች፣ ድንገት ደግሞ ዝናብ።
«ክፈቺው» አላት ፈታሹ። ከፈተችው።
አፍንጫውን ይዞ ማኅተሙን መታላት፣
ከኋላው ያሉትም መንገድ ለቀቁላት።

ባንኮክን በሞተር፣ ገንቦዋን በባለ ዳማ ፎጣ አዝላ፣
ረሃቧን በአንድ ሙዝ ደልላ፤
ከዚያ የሌሊት ባቡር፣ የላይኛው አልጋ፣
ቅዝቃዜው አጥንት ይቆጥራል፣ እግሯን አጥፋ እስኪነጋ።

ፓዳንግ ብሳር አሻራዋን ወሰዱ፣ ፎቶ አነሷት፣
ሰዓቱ እዚህ በአንድ እንደሚቀድም ግን
ማንም አልነገራት።

ፔናንግ፣ የፋብሪካው በር። ልጇ ፒሴት
በልመና ያገኘው ፈቃድ አንዲት ሰዓት፤
ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ገብቷል።

የእጇን ሰዓት ዘረጋች፦ «አልዘገየሁም፣ እየው!»
ኔፓላዊው ዘበኛ ክመርኛ አያውቅም።
ገንቦውን አሸተተ። አፍንጫውን አልያዘም።
ወንበሩን ወደ ጥላው ጎተተላት።