የአንድ ጆሮ ጉትቻ

ይታይሽ ከሽንብጥ በእግሯ መጣች፤
የመሐረቧን ቋጠሮ በጥርሷ ፈታች፤
ሽንብራ የምታህል የወርቅ ጉትቻ ከመዳፌ ጣለች።
«ጓደኛዋን ጣና በላት፣ ከጀልባው ጠርዝ ሳጎነብስ።
ጎንደር ያለው አንጥረኛ፣ ቢያድግልኝ፣
አምሳያዋን እሠራለሁ ብሏል፣ ፎቶዋ ሲደርስ።
አጥርተህ አንሣልኝ።
ራሷን እንዳልልካት መንገድ አላምንም።»

እኔ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ፤
ሙሽሮችን ከዘንባባ ሥር አቁሜ፣
ሐይቁን ከኋላቸው ዘርግቼ፣
«ፈገግ በሉ» ስል ነው የኖርሁት፣ ፈገግታ እስኪሰለቸኝ ደክሜ።
የለመድሁት ሰፊ ነገር ነው፤ ውኃ፣ ሰማይ፣ አጃቢ፣ ቬሎ፤
ሽንብራ የሚያስነሣ ደንበኛ ይመጣል ማን ብሎ?

የአበባ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ተጫንሁ፤
ተጠጋሁ፤ ካሜራው «አየኋት» ብሎ ጢጥ አለ፤
ስክሪኑ ላይ ግን ቢጫ ጉም ነው ያለው።
በቀረብሁ ቁጥር ትሸሻለች፤
ለካ መቅረብም ልክ አለው።
ስንዝር ያህል ወደ ኋላ አልሁ፤
ያኔ ነው ጠርዟ የለየው።

በእጅ አይሆንም። ትሪፖዴን ተከልሁ፣
ከመስኮቱ ሥር ነጭ ወረቀት አነጠፍሁ።
ፍላሹን አጠፋሁት፤
ወርቅ በፍላሽ ሲመታ ይጮኻል እንጂ አይናገርም።
የሌንሱን ቀዳዳ አጠበብሁ፣ ፊቷም መንጠቆዋም አብረው እንዲጠሩ፤
ቆጣሪውን ሁለት ሰከንድ ላይ አደረግሁ፣
ጣቴ እንኳ እንዳይነካት፣ ትንፋሼም እንዳይደርስባት።

ባጃጅ አለፈ። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።
እንደገና።
የከሰዓት ነፋስ ከሐይቁ ገባ፤ መጋረጃው ተነፋ፤ ጥላው ተገለበጠ።
እንደገና።
የሐይቅ ትንኝ መጥታ ከጉትቻዋ አናት ላይ ዐረፈች፤
ስድስት እግሯን ተክላ፣
ከኔ ትሪፖድ ይልቅ ጸንታ፣
እንደ ሚዜ ቀጥ ብላ ቆመች።
ሳላስበው ያቺንም አነሣኋት።

ይታይሽ ከበሩ መቃን ተደግፋ ትስቃለች፤
«ለአንዲት ፍሬ ይሄ ሁሉ? ሙሽራ ብትሆን ወልዳ ነበር!»
ሃያ ሦስተኛው ላይ ጠራች።

በስክሪኑ ላይ አጎላኋት፤
ሽቦዎቿ እንደ ጀልባ ገመድ የተገመዱ፣
በየስንጥቁ የጆሮ እድፍ፣ የቅባት ትራፊ፤
ከጎኗም ሁለት ስርጉዶች፣ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ፣ ጎን ለጎን።
«አንጥረኛው ተሳስቶ ነው፤ በኮምፒውተር ልድፈነው?» አልኋት።

ሳቋ ቆመ።
ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ በጣም ስለቀረበች ደበዘዘባት፤
ስንዝር ያህል መለስ አለች፤
ታያት።

«ጥርስ ነው» አለች።
«የመጀመሪያዋ ልጄ። ሳቅፋት ጆሮዬን ትነክስ ነበር።
ሁለት አብቅላ ነበር፤ ሦስተኛው ሳይወጣ ቀረ።
ስንት ዘመን ሳወልቅ ሳጠልቅ፣ አላየሁትም እኮ።»

ውጭ ባጃጅ አለፈ። አሁን ማንም አልተቆጣው።

«እንግዲህ ለቢያድግልኝ ምን ልበለው?
ስርጉዱንም ይቅረጸው?»
ቶሎ አልመለሰችም፤ መሐረቧን ስትቋጥር ቆየች።
«አይ፤ ያቺ ልስልስ ትሁን።
ምትኬም ስትወለድ የእህቷን ፊት አላመጣችም፤
የራሷን ይዛ መጣች።»

ሂሳቧን ከፍላ ስትወጣ፣ ከደጁ ዞር ብላ፣
«ትንኟ ያለችበትን ደግሞ ለኔ አጥበህ አስቀምጥልኝ» አለች።

ማታ ሱቁን ዘግቼ፣ ያቺን ፎቶ ደግሜ አጎላሁት።
ከስድስቱ እግሮቿ አንዱ
ስርጉዱ ውስጥ ነበር።