ከጎማ ቤቱ በላይ

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ውል አስተምራለሁ፤
ሃያ ሁለት ደረጃ ቆጥሬ እወጣለሁ።
አሥራ አራተኛዋ ስትረገጥ ትጮኻለች፣
ማን እንደዘገየ እሷ ትነግረኛለች።
ከታች ከጎማ ቤት ሞተሩ ሲያጓራ፣
ቃሌን በአፌ ይዤ እጠብቃለሁ ተራ፦
«አንደኛው ቢያቀርብ፣ ሌላው ቢቀበለው…»
ጓ! ይላል ከሥር። እንደገና፦ «ቢቀበለው…»

ክፍሉ ድሮ የጥርስ ሐኪም ቤት ነበር፤
የመንጋጋ ሥዕል ዛሬም አለ ከበር።
አሥራ አንድ ናቸው። ስማቸው ሲጠራ
ግማሹ ድካም ነው፣ ግማሹ አቧራ።

ዴልፊና ከዘቢብ ማሸጊያው ስትመጣ፣
የጣቶቿ ስኳር ታጥቦ ገና ሳይወጣ፣
ስለ ውርስ ያለው ገጽ ስለ ግድያ ካለው ጋር ተጣብቆ አደረ፤
በወረቀት ቢላ ነው የለያየናቸው።

ሃርጂንደር ሹፌር ነው፣ ከባድ መኪና ነው የሚነዳ፤
ድምፄን በስልኩ ቀርጾ ይሄዳል ወደ ኔቫዳ።
«መምህር፣» አለኝ አንድ ቀን፣ «አንተ ገና ስታወራ
ድንበሩን አለፍኩት። ሕጌ ወርዶ ቀረ ከተራራው ጋራ።
እኔ ነኝ የተሻገርኩት፣ እኔና ሽንኩርቱ።»
ሳቅን። ግን እውነቱን ነው። ያ ነው የኛ ወረቀት፣ ያ ነው ዳር ድንበሩ።

እውቅናችን የግዛት ነው፤ አገር አቀፉ ማኅበር አያውቀንም።
ይህን ደግሞ ከማንም አልደበቅንም፤
ሲመዘገቡ የሚፈርሙት ቅጽ አለ፣
«ከካሊፎርኒያ ውጭ ጥብቅና ላይፈቀድልኝ እንደሚችል ተረድቻለሁ» የሚል፣
በደቃቅ ፊደል፣ ከክፍያው ሠንጠረዥ በታች።
የመጀመሪያው ሐሙስ የማስነብባቸው ውል እሱን ነው።
«ከመፈረሙ በፊት ማን አነበበው?»
ዝም።
ፓኦ ብቻ እጁን ያነሣል። ቀን መዝገብ ቤት ይሠራል፣
ሳያነብ የፈረመ የት እንደሚደርስ በየቀኑ ያያል።

ዴልፊናን ለምን መጣሽ አልኳት፣ መኪናዋ አልነሣ ብሏት ቆመን ሳለ።
«ቤታችንን ባንክ ሲወስደው ዳኛ ነበረ፣ ማኅተም ነበረ፤
አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ ሰማ፣ መልሶ ደፋ፣ ሄድን።
ኋላ የተከራየንበት ሰውዬ ግን
መያዣ የሰጠነውን ሦስት መቶ ሰማንያ ዶላር
‹ምንጣፉ ቆሽሿል› ብሎ አስቀረብን።
በአፉ ብቻ። ከበሩ ላይ ቆሞ። ብርቱካን እየላጠ።
ስለ ቤቱ አላለቅስም፣
ስለዚያች ገንዘብ ግን እስከ ዛሬ ሌሊት ያባንነኛል።»
እንዲህ ነው፤ በፍርድ የሄደች በቅሎ ሜዳ ገብታ ትረሳለች፣
ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ናት አንጀት ውስጥ የምትቀር።

ኅዳር ላይ ውጤት ወጣ። ከተፈተኑት ስምንት፣
ያለፉት ሁለት።
ሃርጂንደር ከፓርኪንግ ደውሎ መለከቱን ነፋልን።
ዴልፊና ወደቀች፣ ለሁለተኛ ጊዜ።
ያን ሰሞን የሸለቆው ጉም መንገዱን ዋጠው፣
የጎማ ቤቱ መብራት እንኳ እንደ ታመመ ዓይን ነበር።
«ዛሬስ አትመጣም» ብዬ ውሉን ጀመርኩ።
አሥራ አራተኛዋ ጮኸች።
ቆይታ ደግማ ጮኸች።

ዴልፊና ናት። ከኋላዋ ጎረቤቷ ኤውላሊያ፣
ቤት ለቃ የወጣች፣ ፖስታ በእጇ የጨበጠች።
«ጠበቃ አይደለሁም፣» አለች ዴልፊና፣ ለእኔ ይሁን ለሴትዮዋ እንጃ፣
«ምንም አልመክራትም። መጽሐፌን ግን እዚህ ነው የማነበው።»
ስለ መያዣ ገንዘብ የሚናገረውን አንቀጽ ገለጠችው፣
ገጹ ሳይጣበቅ ተከፈተ፤ ብዙ ጊዜ ተከፍቷል መሰለኝ፤
ጣቷን ከመሥመሩ ሥር አኖረች፣
አንዲት ቃልም አልጨመረች።
ማስቆም ነበረብኝ፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል።
ጠመኔዬን ፈለግሁ። ኪሴ ውስጥ ነበር።

ኤውላሊያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፣
ከዚያ ከአውራ ጣቷ ጀምራ ቀኑን መቁጠር ያዘች፦
አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ።
ከታች አንድ ጎማ ተነፈሰ።