የሉሁ ጀርባ

መብራት ሄዶ ነበር፤ ማበጠሪያው ዝም ብሏል፤
የቡናው ገለባ ቅንድባችን ላይ ውሏል።
"አሁን ነው" አሉና፣ "ወረቀት አምጣ፣ ጻፍ፤"
ኪሴን ብዳብሰው የሎተሪ ትኬት ጫፍ።

ማታ ቤት ገብቼ፣ ሁሉም ከተኛበት፣
ከረምላ ደብተር መሐሉን ገነጠልሁት፤
ስፌቱ እንዳይሰማ ትንፋሼን ዋጥሁበት።
ልጅም ይሰረቃል ለካ፤ ሌባውም አባት።

በስልኬ መብራት ጻፍሁ፦
"ለአንድ ኬሻ ሸክም ሁለት ብር ይጨመር፤
ነፍሰ ጡር ለቃሚ ከሥራ አትባረር፤
የታመመበት ቀን ከሰው አይቆረጥ፤
በሚዛኑ ንባብ የኛም ዓይን ይቀመጥ።"

ዐርባ ሰባት ፊርማ፤ ገሚሱ አሻራ።
አባ ሜጫ ብቻ፣ ቀኙን ማሽን በልቶት፣ የፈረሙት በግራ።
እመት ዘነቡ ጣታቸውን ነክረው፣ ሳያሳርፉት፣
"ይኼ ነገር" አሉኝ፣ "ልጆቼን ያበላል ወይስ ይበላቸዋል?"
ምን ብዬ ልመልስ?
የኔም ቤት ጥያቄ ከዚሁ ሚዛን ላይ ቆሞ ይለካል።

ሌሊት ያላየሁት ጠዋት ታየኝ፦ ሉሁ ጀርባ አለው።
ረምላ ቤት ሥላለች።
የኛኑ ቤት፤ ቆርቆሮው ቀይ፣ እውነቱ ዝገት ነው።
እናቷ ከነሻሿ፣ ወንድሟም ጥርሱ የወለቀው፤
በበሩ ግራ በኩል አዌቱ ይፈስሳል፣
ሰማያዊ እርሳሷን እስኪያልቅ ጨርሳል።
እኔን ስፈልግ ግን፣
ከመንገዱ ማለቂያ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ፣
ጀርባዬን አገኘሁ።
ፊት የሌለው ሰውዬ፣ ቦርሳ ያንጠለጠለ፤
ከራሱ በላይ ጽፋለች፦ "አባ ስብሰባ አለ።"

ሸምሲያ አየችው። አልጮኸችም፤ ሳቀች፦
"ድሮ በዚህ አገር
የሰው ስም የሚጠራው በፈረሱ ነበር፤
ያንተም ፈረስ ታውቆ ስምህ ከልጅህ መጣ፣
አባ ስብሰባ! በል ጫነው፣ እንዳትቀጣ።"
ሳቋ ሲያልቅ ጓዳ ገባች።
ቆይታ ነው የወጣች።

መዝገብ ቤቱ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ "ዋናውን" ይለኛል፤
"ኮፒ አንቀበልም፤ ዋናው እዚህ ይቀራል።"
ረምላም "ዋናውን" ትላለች፣ "ሥዕሌን መልስልኝ።"
ፈረንጅ አራዳ ወስጄ ኮፒ አነሳሁላት፤
ቆርቆሮው ጠቆረ፣ አዌቱ አመድ መሰለ።
በአንድ ጣት ገፋችው፦
"ይኼ የኛ ቤት አይደለም።"

ቡና ከገለባው በማሽን ይለያል፤
የአንድ ሉህ ፊቱ ከጀርባው በምን ይለያል?

ሰኞ ዕለት፣ ዝናቡ ገና ሲያካፋ፣
በፌስታል ጠቅልዬ ደረጃውን ወጣሁ።
ሰውየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ፤
ፊቱን አነበበ፣ ጀርባውን ገለጠ፣
ቀዩ ቆርቆሮ ላይ ዓይኑ ተቀመጠ።
"ይኼስ ምንድን ነው?"
"ይኼም አቤቱታ ነው" አልሁት፣
"ተከሳሹ ግን እኔ ነኝ።"
አልሳቀም። ማኅተሙን እፍ አለበት፣ መታው፤
በየትኛው በኩል እንደመታው አላየሁም።

ስመለስ አንድ ሰማያዊ እርሳስ ገዛሁ።
ስልኬ ይጠራል፤
ዐርባ ስድስት ሰው ከመጋዘኑ በር ቆሟል።
ረምላ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ሩብ ጉዳይ ነው።
አዌቱ ድልድይ ላይ ነኝ።
እርሳሱ በእጄ ነው፣
ገና አልተቀረጸም።