ደጅ መዝጋት

ፔቶርካ ሸለቆ፣ ቺሊ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ኤደልሚራ ወጣች፣ ግንባሯ ላይ ባትሪ አስራ፣ በአቧራው መንገድ።
አንዲት ቅጠል ቀጠፈች፣ ከአቮካዶው ቅርንጫፍ፣
ከብረት ጓዳ ከተተቻት፣ አንገቷ ብቻ ቀርቶ ደጃፍ።
ጋዙን ቀስ ብላ ለቀቀች፤ መርፌው ሽቅብ ወጣ፤
እሷ በአጉሊ መነጽሩ አጎነበሰች፣ ትንፋሿን ውጣ።

«ምን ያህል ተጠማሽ?» ነው፣ ጥያቄው ባጭሩ።
ሰው ቢሆን ይዋሻል፣ ይግደረደራል ለክብሩ፤
ቅጠል ግን ሲጨንቃት፣ በተቆረጠው ጫፏ፣
አንዲት ጠብታ አውጥታ፣ ትናገራለች ባፏ።

ዘጠኝ ባር። ጻፈችው። በዚህ ሰሞን አምና
አራት ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ ዝናብ አልመጣም ገና።

ፀሐይ ስትበረታ፣ ረፋድ አራት ሰዓት፣
ሥሩ መልእክት ይልካል፣ በቀረችው እርጥበት ጭኖት፤
«እዚህ ታች ደርቋል፤ ደጃችሁን ዝጉ።»
ቅጠሎቹ ማስረጃ፣ ምስክር አይፈልጉ፤
እልፍ ደጃፎች፣ ዓይን የማያያቸው፣
ከንፈር ለከንፈር ገጥመው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ተዘጉ።

ውሃ እንዳይወጣ ነው። ግን የቀለቡም መግቢያ
ያው ደጅ ነው፤ ሌላ በር የለም፣ አየር ማስገቢያ።
ዘግቶ መራብ አለ፤ ከፍቶ መድረቅ አለ፤
ዛፉ ሁለቱን መዝኖ፣ ጦም ማደሩን ተቀበለ።

ከዚያ ፍሬ ጣለ። ነፋስ አልነቀነቀው፤
እሱ ራሱ ነው፣ አንጓውን አላልቶ፣ አንድ ባንድ የለቀቀው።
ከአንድ ዛፍ ሥር ብቻ፣ መቶ አርባ ሦስት ቆጠረች፤
አንዷን፣ ለልጇ ብይ እንድትሆን፣ ከኪሷ ሰወረች።

ውሃ ወደ ቤቷ፣ ማክሰኞ ነው በቦቴ የሚደርሰው፤
ሁለት በርሜል ለአንድ ቤት፣ ሁለትም ይሁን ስምንት ሰው።
ዶን ኖልቤርቶ፣ ጎረቤቷ፣ ጉድጓዱ የነጠፈበት፣
«ወንዙን የጨረሱት ዛፎች፣ ዛሬ ሐኪም መጣላቸው?» አላት።
መልስ አልነበራትም። ቅጠል እንጂ ሰው ለክታ አታውቅ፤
የእሱ ጥም በስንት ባር፣ በየትኛው ጓዳ ነው የሚጠየቅ?

ሐሙስ መጋዝ ጮኸ፤ ከሦስት ረድፍ ሁለቱ ወደቀ፤
ጉቶው፣ ፀሐይ እንዳይፈጀው፣ ኖራ ተቀብቶ ደመቀ።
ቅጠል የሌለው ዛፍ፣ የሚዘጋው ደጅ የለው፤
ጥሙም እንደ ፍም፣ ከሥሩ ጋር፣ ተዳፍኖ ነው ያለው።
«ያቆጠቁጣል» አለ አለቃው፣ ጓንቱን እያወለቀ።
መቼ እንደሆነ አልተናገረም። ማንም አልጠየቀ።

ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ፣ በልማድ ነቅታ ወጣች፤
ነጫጭ ጉቶዎች መሐል ቆማ፣ የምትቀጥፈው አጣች።
መዝገቧ ላይ፣ በቁጥሩ ፈንታ፣ ሰረዝ አሰመረች።

ቤት ስትመለስ ብዩ፣ በልጇ ትራስ ሥር፣ ተጨማዶ ጠቁሯል።
ከንፈሯን በጣቷ ነካች። ደረቅ ነው። ገጥሟል።