ውሃው ሲመሽ

ከሂርማታ ገበያ ጥግ፣ ከቆርቆሮ ሻጩ አጠገብ፣
ሱቄ አለች፤ ለአንድ መኪና፣ ለአንድ ተረኛ የምትጠብ።
እዚያ ነው ነጂብ፣ የእህቴ ልጅ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ለት
«አጎቴ፣ አደራ» ብሎ ትቶብኝ የሄደው መስታወት፤
አራት ማዕዘን ገንዳ፣ ውስጡ ሦስት ዓሣ ያለበት።

ዓሣ የማውቀው በድስት ነበር፤
እንዲህ የሐር ቀሚስ ሲጎትት፣ ሲታጠፍ፣ ሲሽከረከር
አይቼ አላውቅም።
ሙያዬ ነውና ዓይኔ ያረፈው ከክንፉ ጠርዝ ላይ፤
ማን ዘመዘመው እላለሁ፣ አንድም ክር ሳይታይ።

ለአደራ ብዬ፣ ሳልሰስት፣
የቧንቧ ውሃ ቀዳሁ፤ እንደ ብርሌ የጠራ፣ የሚታይበት።
በየሦስት ቀኑ ለወጥኩ። በየሦስት ቀኑ። ሳልታክት።
መርዙ የኔ ንጽሕና እንደሆነ ማን ነገረኝ?
አንደኛው ሰኞ ሞተ፤ ሁለተኛው ሐሙስ አመለጠኝ።
ቀዩ ቀረ፤ ቀሚሱ ከጫፉ ተተልትሎ፣
ብል እንደበላው ጨርቅ፣ ከጥግ ተወሽቆ፣ ራሱን ጥሎ።

ሠላሳ ዓመት የሰው ጉልበት፣ የሰው ክርን ስጠግን
እንዲህ ያለ ቀዳዳ አልገጠመኝም፤ መርፌ የማያምን።

ዘይቱን ሻጯ ሲቲና ናት ያየችኝ፣ በደጄ አልፋ፤
«ውሃህ» አለች፣ «ራቁቱን ነው፤ ምነው፣ አንድ ቅጠል ጠፋ?
የቦዬን ረግረግ አታውቅም? ቀለሙ ምን ይመስላል?
ቅጠል የወደቀበት ውሃ ቅጠሉን ይጠጣል፤
ዓሣው ደግሞ ውሃውን። በቃ፤ ሌላ ምን ይባላል?»

በማግስቱ በዘንቢሏ፣ ከፍሬው ሥር ይዛልኝ መጣች፤
«የተቀጠፈ አይሆንም፤ የወደቀ ነው» አለች፣
«ዛፉ ጨርሻለሁ ያለውን፣ ደርቆ ኮሽ የሚለውን።
ከመንገድ ዳርም አትልቀም፤ ናፍጣ የጠጣውን።»

አጠብኩ። ካውያ ከማሞቅበት ከሰል ላይ ጣድኩ በጣሳ፤
መልኩ ገለባ፣ ቀጥሎ ማር፣ ቀጥሎ ጎፈር የአንበሳ።
አቀዘቀዝኩ፤ በሻሽ አጠለልኩ፤ በክዳን ጨመርኩ፣ በዝግታ፤
ከመስታወቱ ውስጥ መሸ፤ ያለ ሰዓቱ ሆነ ማታ፣
አመሻሽ ላይ ጥላ እንደሚወጣው ወደ ጅሬን ኮረብታ።

ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ከተተለተለው ጫፍ ላይ
አዲስ ነገር በቀለ፤ ስስ፣ ቀለም አልባ፣ ብርሃን የሚያሳይ።
ደንበኞቼ ግን! አባ ዱራ ሱሪያቸውን ሊያስለኩ መጥተው
«ኧረ ቲጃኒ፣ ይህ ሻይ ነው?» ብለው፣ ስኳር ጠየቁ፣ ስቀው።

ሙደሲር ለማጅ ነው፤ አሥራ አራት ዓመቱ፤ እጁ ፈጣን።
ለዒድ ዋዜማ፣ ልብስ ላደርስ በወጣሁበት፣ ሊያስደስተኝ፣
ቅጠሉን ደፍቶ፣ መስታወቱን ወልውሎ ጠበቀኝ።
ጥርት ያለ ውሃ! ፊቱ ከውሃው ይበልጥ ያበራ ነበር።
ዓሣው ከወለሉ ተጣብቋል፤ ነጥቷል፤ እንደ ቁራጭ ክር።

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ሰኞና ሐሙስ ትዝ አሉኝ።
እኔስ በምን ገደልኳቸው? ያኔ ማን ተቆጣኝ?

ከመኪናው ሥር ጠርሙሱን አወጣሁ፣ የከረመውን ጭማቂ፤
«ና፣ አንተው አፍስስ፤ ቀስ፤ ችኩል እጅ ነው አስጨናቂ።»
እጁ ተንቀጠቀጠ። ውሃው ዳመነ።
ተቀመጥን። ለሶላት ወጣን፤ ተመለስን። ምንም አልሆነ።
ከቀትር በኋላ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ አንድ ቀይ ነገር ዘወር አለ፤
ወዲያው ጠፋ።

ሙደሲር ሜትሩን ከአንገቴ ወስዶ ገንዳውን ለካ፤
«ስንት ቅጠል ለስንት ክንድ?» አለኝ፣ በእርሳስ ሊጽፍ።
«በክንድ አይለካም» አልኩት፤ «መዳፍህን ከጀርባው አድርግ፤
ሲደበዝዝ አቁም፤
እስኪጠፋ ግን አይደለም።»

ማታ ነጂብ ደወለ፤ «ፎቶ ላክልኝ» አለ፤ ላክሁ፤
ከቡናማ ጨለማ በቀር አንዳች አልያዘም፣ አየሁ።
ዝም አለ። ቆይቶ፦ «ግን... አለ?»
«አለ» ልል ስል፣
ሙደሲር ከኋላዬ፣ መርፌ ከአፉ ሳያወጣ፦
«አለ!»