ሁለት መረብ

አርባ ዓመት ጠገንኩ፣ አሞራ ገደል ዳር፣
የሰው መረብ ሁሉ፣ በመርፌና በክር።
ዛሬ ዶክተር ትርሲት፣ በወረቀት ጀርባ፣
ሳለችልኝ መረብ፣ ከልቤ የሚገባ፤
ከእስክሪብቶ ቀፎ የቀጠነ፣ ከሽቦ የተሠራ።
«ዓይኑ ስንት ቁጥር ነው?» አልኳት፣ እንደ ሥራ።

ሕመሙ የጀመረኝ ጀልባ ስስብ ነበር፤
ደረቴ ላይ ቆመ፣ እንደ አባ ኮዳ፣ በአንድ እግር።

«ሁለት ዓይነት አለ፤ አንደኛው ባዶ ብረት፤
ሥጋዎ ቶሎ ያለብሰዋል፣ እንደ ራሱ ንብረት፤
ኪኒኑም ለአጭር ጊዜ፣ ዋጋውም ቀለል ያለ፤
ግን ያው ሥጋ አንዳንዴ፣ በቃኝ ሳይል ከቀጠለ፣
መንገዱ መልሶ ይጠባል።»

ይህንስ አውቀዋለሁ።
ውሃ ውስጥ የሰነበተ፣ ያልታጠበ መረብ፣
አረንጓዴ ዝልግልግ ዓይኑን ይደፍነዋል፣ ሲጠብ ሲጠብ።

«ሁለተኛውስ?»
«ቅብ ነው። መድኃኒት አለው፤
ሥጋው እንዳይበዛ ቀስ እያለ የሚይዘው።
ዳግም መጥበቡ ይቀንሳል። ግን ብረቱ እርቃኑን
ይከርማል፤ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ ስለዚህ ኪኒኑን፣
ሁለት ዓይነት፣ በየቀኑ፣ ምናልባት ዓመት ሙሉ፤
አንድ ቀን እንዳያስቀሩ፣ ‹ድኛለሁ› እንዳይሉ።»

ልጄ ቃሚሶ በስልኩ ደመረ፣ ቀነሰ፤
ልዩነቱ ብቻ የጀልባ ሞተር ግማሽ ደረሰ።
«ፒያሳ ያለው ፋርማሲ» አለ፣ «ባለፈው ወር
ለአሥራ አንድ ቀን ጨርሶ ነበር።»
ዶክተሯ ዝም አለች። ይህን አልሳለችውም።

እኔ መዳፌን ዘረጋሁ፤ ሰኞ የአምባዛ እሾህ የወጋውን፣
ቢላ የሸረከተውን፣ ናይለን የበላውን።
«ይህ እጅ ሳይደማ የዋለበት ቀን የለም፤
ካቀጠናችሁት በኋላ፣ ማን ያቆመዋል ይህን ደም?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤
ካርዴን እንደገና ገለጠች፤
ስለ ጨጓራዬ ጠየቀች፣ ስለ ሰገራዬ ቀለም።
ሚዛኑ ላይ ገና አሁን ወጣሁ፤ እስካሁን የተመዘነው እኔ አይደለም።

መረብ ማለት እኮ ቀዳዳ ነው፣ በክር የተቋጠረ፤
የማያሾልክ ቢኖር፣ እርሱ መረብ አልነበረ።

ቅቡን መረጥኩ። እየፈራሁ።
ቢላዬን ለዱካሌ ሰጠሁ፣
አምባዛውን እሷ ትግፈፈው። ናይለን በማኖርበት ቆርቆሮ፣
ኪኒኑን ጨመርኩ፤ ይቆጠራል ከክሩ ጋር አብሮ።
ቃሚሶ አርብ አርብ ፋርማሲ ይደውላል።
እስካሁን ደህና ነው፤ ጀልባ ባልስብም፣ መርፌው ይሄዳል።

ትናንት ማታ ስቆጥር ግን፣ አንድ ፍሬ ተረፈ፤
የትኛው ቀን ይሆን፣ በቀዳዳው ያለፈ?